የተመጠነ ጥም፦ ቡገንቪሊያ በሞቃትና በደረቅ አየር

የድሬዳዋን የከዚራ ጎዳናዎች በእግሩ የዞረ ሰው ቡገንቪሊያን ሳያይ አይመለስም። ይህ ቁጥቋጦ በግቢ አጥር ላይ ተደግፎ፣ ከበረንዳ ጣሪያ ላይ ተንተርሶ ወይም ከድንጋይ ካብ አናት ወደ ታች ተንዠርግጎ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማና ነጭ ቀለሙን ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል። ከተማዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚደርስባት፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብም 600 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቆላማ ከተማ ናት። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ሙቀትና ድርቀት መካከል ያን ያህል አበባ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «ባለቤቱ በደንብ ስለሚያጠጣው ነው» የሚል ነው። እኛም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ እናምን ነበር። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ ቡገንቪሊያ በሞቃትና በደረቅ አየር ውስጥ የሚያብበው ጥሙን ተቋቁሞ ብቻ ሳይሆን፣ በልኩ በመጠማቱ ምክንያት ጭምር መሆኑን ነው። ይህን የተረዳነውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት ነው።

በድሬዳዋ፣ ባደግንበት ግቢ ውስጥ፣ አባታችን በሕይወት ሳለ የተከለው አንድ ቡገንቪሊያ አለ። ቤታችን ተዳፋት ላይ የተሠራ በመሆኑ ግቢው በድንጋይ ካብ የተደገፈ እርከን አለው። አባታችን ችግኙን ከካቡ አናት ላይ ተከለው፤ ዓመታት ሲያልፉም ቅርንጫፎቹ ካቡን አልብሰው እስከ መንገዱ ወረዱ። አባታችን ባረፈበት ወቅት እኛ ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ ነበርን። እናታችን በስልክ ስታነጋግረን ከራሷ ጤና አስቀድማ ስለ ተክሉ ትነግረን ነበር። አንድ ቀን ግን፣ «ልጄ፣ አባትህ የተከላት አበባ ዘንድሮ እንቢ አለች» አለችን።

እኛም የፊዚክስ ተማሪ እንደ መሆናችን ነገሩን ከትነት አንጻር ብቻ አስበን፣ «በዚያ ሙቀት ውሃ አንሷት ነው፤ በየቀኑ ጠግባ ትጠጣ» ብለን መከርናት። እናታችን ምክሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀበለችው። በየቀኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከሥሩ ታፈስ ጀመር። ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት እንኳ ከልብስ ማጠቢያዋ ቀንሳ ለተክሉ ታደርስ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ። የተክሉ ቅጠል ጠቆረ፣ ቅርንጫፉ ወፈረ፣ እሾሁ እንደ ምስማር ረዘመ፤ አበባ ግን አልታየበትም።

ትምህርታችንን ጨርሰን በተመለስንበት ሰሞን፣ ዕድሜያቸውን በአትክልተኝነት ያሳለፉ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ወደ ካቡ ቀና ብለው ተመለከቱና፣ «እትዬ፣ ይቺ ተክል እኮ ጠግባለች። የጠገበ ምን ያሳስበዋል? እስቲ ትንሽ ያስጠሟት» አሏት። የእናታችን ፊት ተለወጠ። የባሏን ተክል ውሃ መከልከል ነውር መስሎ ታያት። እኛ ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያችንን ይዘን ዝም አልን፤ የምንመልሰው አልነበረንምና። መልሱን ፍለጋ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

አበባ የሚመስለው ቅጠል

በመጀመሪያ ቡገንቪሊያ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ እንመልከት። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዘመናዊ ሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ በዞረው የፈረንሳይ ጉዞ ምክንያት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘውም ከጉዞው መሪ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። ተክሉን በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ የሰበሰበው የጉዞው የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮመርሶን ነበር። ረዳቱ ዣን ባሬ በወንድ ልብስ ራሷን ሰውራ መርከቧ ላይ የተሳፈረች ሴት ስትሆን፣ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗ በታሪክ ይነገርላታል።

በተለምዶ የቡገንቪሊያ «አበባ» የምንለው ባለ ቀለም ክፍል በእርግጥ አበባ አይደለም። አንዱን ዘለላ ቀጥፋችሁ በቅርብ ብትመለከቱ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ሦስት ባለ ቀለም ቅጠሎች በመካከላቸው ሦስት ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ ቱቦ መሰል አበቦችን ከበው ታገኛላችሁ። እውነተኞቹ አበቦች እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ባለ ቀለሞቹ ቅጠሎች ብራክት ይባላሉ፤ ሥራቸውም ነፍሳትንና ወፎችን መጥራት ነው። ከቡገንቪሊያ ብራክት ብዙዎቹ ቀለማቸውን ለሳምንታት ይዘው የሚቆዩት፣ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ለስላሳና ውሃ አዘል ሳይሆኑ ስስና ደረቅ በመሆናቸው ነው።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። የብዙ አበቦች ቀይና ሐምራዊ ቀለም አንቶሳያኒን ከሚባሉ ውሁዶች የሚመጣ ሲሆን፣ የቡገንቪሊያ ቀለም ግን ቤታሌን ከሚባል ሌላ ቤተሰብ ነው። ይህም በወጥ ቤታችን የምናውቀውን ቀይ ሥር የሚያቀላው ቀለም ዘመድ ነው። እነዚህ ሁለት የቀለም ቤተሰቦች በአንድ ተክል ውስጥ አብረው ተገኝተው አያውቁም። ሐምራዊው ቤታሌን 540 ናኖ ሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን አረንጓዴ ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ቢጫው ደግሞ 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። ዓይናችን የሚያየው ከመዋጥ የተረፈውን ብርሃን ነው። በመሆኑም ቀለሙ እንዲጎላ ተክሉ ብርቱ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ በጥላ ሥር የተተከለ ቡገንቪሊያ ብራክቱ ያንሳል፣ ቀለሙም ይፈዛል።

አየር የሚስበው ውሃ

ውሃ ከሥር ተነሥቶ እስከ ቅርንጫፍ ጫፍ የሚጓዘው በምን ኃይል ነው? ተክል እንደ እንስሳ ልብ የለውም፤ ውሃን የሚገፋ ፓምፕም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1894 ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ ሁለት የደብሊን ሳይንቲስቶች ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ውሃው የሚሳበው ከላይ ነው። በቅጠል ላይ ስቶማታ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ ሲተን፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙት የውሃ ሞለኪሎች ከኋላቸው ያለውን የውሃ ዓምድ እንደ ገመድ ይጎትቱታል።

የጉተታው ብርታት የሚወሰነው በአየሩ ጥማት ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ የጠገበ አየር የውሃ ተን ግፊት 2.3 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በ35 ዲግሪ 5.6 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። እንግዲህ ሁለት ቀኖችን እናወዳድር። በአንደኛው ቀን ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ ለመጥገብ የሚጎድለው 0.9 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 30 በመቶ ቢሆን፣ ጉድለቱ 3.9 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲጨምርና እርጥበቱ በግማሽ ሲቀንስ የአየሩ ጥማት ከአራት እጥፍ በላይ ያድጋል።

በአፈርም በኩል ተመሳሳይ ስሌት አለ። ውሃ ጠጥቶ ትርፉ የተንጠፈጠፈ አፈር ውሃውን የሚይዘው በ0.03 ሜጋ ፓስካል ገደማ በሆነ ሳብ ነው። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ የቀረውን ውሃ አጥብቆ ይይዘዋል፤ 1.5 ሜጋ ፓስካል ሲደርስ አብዛኞቹ ሰብሎች ጠውልገው መነሣት ያቅታቸዋል። 30 በመቶ እርጥበት ያለው አየር የሚያሳድረው ሳብ ደግሞ ከ150 ሜጋ ፓስካል በላይ ነው። ተክል ማለት እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በስስታም አፈርና በስግብግብ አየር መካከል ቆሞ ቀዳዳዎቹን እየከፈተና እየዘጋ የሚተዳደር ፍጥረት ነው። ቡገንቪሊያ በዚህ አስተዳደር የተካነ ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ተንሰራፍቶ ከያዘ በኋላ፣ ጥም ሲጠናበት ስቶማታውን ይዘጋል፤ ከዚያም ቢብስበት ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ ይጠብቃል።

አንድ ዓይን፣ ሁለት ዕጣ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ውሃ የጠገበ ቡገንቪሊያ ለምን አያብብም?

ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገጥምበት ብብት ውስጥ አንዲት ትንሽ እብጠት አለች። ድንች ላይ ስትሆን «ዓይን» የምንላት ዓይነት ናት። በቡገንቪሊያ ላይ ይህች ዓይን ሁለት ዕጣ አላት፤ ወይ እሾህ ትሆናለች፣ ወይ የአበባ ዘንግ ትሆናለች። እሾሁና የአበባው ዘንግ ከአንድ ሥፍራ የሚወጡ፣ በመነሻቸው አንድ የሆኑ ወንድማማቾች ናቸው። የትኛው እንደሚወለድ የሚወስነው ተክሉ ያለበት ሁኔታ ነው።

ውሃና ናይትሮጅን በተትረፈረፉ ጊዜ ተክሉ ለጋ ቅጠልና ረጅም ቅርንጫፍ ለማውጣት ይሽቀዳደማል። በማደግ ላይ ያሉ ለጋ ቅጠሎች በፀሐይ ብርሃን የተዘጋጀውን ስኳር ይሻሙታል፤ ለታናሿ ዓይን የሚተርፋት ጥቂት ነው። ቅርንጫፍን የሚያስረዝመው ጂበርሊን የተባለ ሆርሞንም ዓይኗን ወደ እሾህነት ይገፋታል። በአንጻሩ ውሃው በልኩ ሲቀንስ የለጋ ቅጠሎች ዕድገት ይገታል፤ በዕድሜ የበሰሉት ቅጠሎች ግን ፀሐይ እስካለች ድረስ ስኳር ማዘጋጀታቸውን አያቆሙም። በዚህ ጊዜ የተረፈው ምግብ ለዓይኗ ይደርሳታል፤ እሾህ መሆን የነበረባትም ታብባለች።

የቀኑ ርዝመትም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ቡገንቪሊያ ቀኑ ሲያጥር ማበብ ይቀናዋል። ይሁን እንጂ ከምድር ወገብ ሩቅ ባልሆነችው ድሬዳዋ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ረጅሙ ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በኛ አገር የአትክልተኛው ዋና መሣሪያ የፀሐይ ሰዓት ሳይሆን የውሃ መስፈሪያው ነው።

እናታችን የመገበችው ሁሉ ወዴት እንደሄደ የገባን ይህን ስንረዳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያፈሰሰችው ውሃ እሾህ ሆኖ ነበር።

ለምን ወደ ታች ይንዠረገጋል?

ቡገንቪሊያ እንደ ወይን የሚጠመጠም ጅማት የለውም። በእሾሁ እየተንጠላጠለ በሌሎች ላይ የሚደገፍ ቁጥቋጦ ነው፤ የሚደገፍበት ሲያጣ ይጎብጣል። ጉብጠቱን በመካኒክስ ትምህርት መረዳት ይቻላል። በአንድ ጫፉ የታሰረና ውፍረቱ እኩል የሆነ ዘንግ በራሱ ክብደት የሚጎብጠው ከርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር በሚመጣጠን መጠን ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጫፉ 16 እጥፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህ ስሌት ለትንሽ ጉብጠት ብቻ የሚሠራ ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው። አንድ ሜትር ሲሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ ሁለት ሜትር ሲሆን ይንዠረገጋል። ስለዚህ ካብ የሚያለብስ ቡገንቪሊያ የሚፈልግ ሰው ረጃጅም ቅርንጫፎችን በየጊዜው ማሳጠር የለበትም።

የመጎበጡ ጥቅም ግን ከውበት ያልፋል። ዕፅዋት ስበትን እንደሚለዩ በግልጽ ያሳየው ቶማስ ናይት የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በውሃ ኃይል በሚሽከረከር ጎማ ላይ ዘር አስሮ አበቀለ። ሥሮቹ ወደ ጎማው ውጪ፣ ግንዶቹ ወደ ጎማው መካከል አደጉ። ተክሉ የጎማውን መሽከርከር እንደ ስበት ቆጥሮታል። ዛሬ እንደምናውቀው የዚህ ስሜት አንዱ መልእክተኛ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ኦክሲን ከቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ሥሩ እየወረደ በመንገዱ ያሉትን የጎን ዓይኖች «ተኙ» ይላቸዋል። ቅርንጫፉ ሲጋደም ወይም ወደ ታች ሲንጠለጠል የጫፉ የበላይነት ይላላል፤ ተኝተው የነበሩት የጎን ዓይኖችም ይነቃሉ። የጎን ዓይን በነቃ ቁጥር አበባ ሊወጣበት የሚችል አዲስ ቅርንጫፍ ይጨመራል። የፖም አብቃዮች ቅርንጫፍን ጎትተው አግድም የሚያስሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቡገንቪሊያን ከካብ አናት ላይ የተከለ ሰው ይህን ሥራ ለስበት አሳልፎ ሰጥቷል።

አንዳንድ ሰው ታዲያ፣ «ወደ ታች ስለወረደ ውሃው በቀላሉ ይደርሰዋል» ሊል ይችላል። ስበት በአንድ ሜትር ቁመት የሚጨምረው ግፊት 0.01 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ለወረደ ቅርንጫፍ ይህ 0.03 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ ከአየሩ ሳብ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የፀሐይና የጀሪካን ሒሳብ

አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። በጠራ ሰማይ፣ በቀትር፣ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ ይህም በሰዓት 3.6 ሜጋ ጁል ነው። ኃይሉ ሁሉ ለትነት ቢውል በየሰዓቱ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይወስዳል። በተግባር የሚውለው ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ በቀትር አፈር ላይ በስሱ የተረጨ ውሃ አብዛኛው ለአየሩ እንጂ ለተክሉ እንዳልሆነ ለመረዳት ይህ ይበቃል።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሌላም ጉዳት አለው። እርጥበቱ ላይ ላዩን ስለሚቀር ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ መካከል የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ በመሆኑ ካልሲየም ይበዛበታል፤ የሻይ ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ አፈሩ ኖራማ እየሆነ ሲሄድ ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ የሆነ ቅጠል የዚህ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን

ይህን ሁሉ ካሰላን በኋላ ስሕተታችንን ለማረም ተጣደፍን። ወሩ ግንቦት ነበር። እናታችንን፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳትሰጪው» አልናት። ሦስት ሳምንት አለፈ። ተክሉ በመጀመሪያ ጠወለገ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን አራገፈ፣ በመጨረሻም የቅርንጫፎቹ ጫፍ መድረቅ ጀመረ። ለሁለት ዓመት የላይ ላዩን ውሃ የለመደ ሥር በአንድ ጊዜ ጥልቅ ውሃ ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም፤ ይህን በስሌታችን ውስጥ አላስገባነውም ነበር።

አንድ ሌሊት የጣሳ ድምፅ ሰምተን ብንወጣ፣ እናታችን በጨለማ ከካቡ አናት ላይ አጎንብሳ ስታጠጣ ደረስንባት። እንደ ተያዘ ልጅ ደንግጣ፣ «አባትህ ቢያያት ምን ይላል?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ ጣሳውን ተቀብለን የቀረውን እኛ አፈሰስን። በሁለቱም ጊዜ ተክሉን በዓይኗ እያየች የነበረችው እርሷ ስትሆን፣ እኛ የምናየው ቁጥር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን፣ እናታችን፣ አዛውንቱ ጎረቤታችንና እኛ፣ አንድ ሥርዓት ተስማማን። ውሃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ተራራቀ፤ በሦስት ቀን አንዴ፣ በአምስት ቀን አንዴ፣ በመጨረሻም በአሥር ቀን አንዴ ሆነ። በተሰጠ ጊዜ ግን ውሃው ጠልቆ እንዲወርድ አንድ ሙሉ ጀሪካን በዝግታ ይፈስሳል። የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ማጠጣቱ ቆመ። በመስከረም አዛውንቱ የደረቁትን ጫፎችና የተጣበቡትን ቅርንጫፎች ገረዙ። በጥቅምትና በኅዳር ተክሉን በልኩ አስጠማነው። በታኅሣሥ አጋማሽ እናታችን ደወለችልን። «አበበች» አለችና ስልኩን ለጎረቤታችን አቀበለቻቸው።

ቀደም ሲል በወር 30 ጀሪካን ይፈስስ ነበር፤ አሁን በደረቁ ወራት በወር ሦስት ይበቃል። 27 ጀሪካን፣ ማለትም 540 ሊትር ውሃ፣ ለቤቱ ተረፈ ማለት ነው። ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። አበባ መትከልና ውሃ መቆጠብ ጠላቶች መስለው የሚታዩን፣ ብዙ ጊዜ፣ አበባውን ስለማናውቀው ነው።

እንዴት እንትከለው?

በቆላማ አካባቢ ቡገንቪሊያ ለመትከል ለሚያስብ አንባቢ የሚከተሉትን ነጥቦች እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይተኛበት ይሁን። እንዲንዠረገግ ከተፈለገ ከካብ ወይም ከእርከን አናት ላይ ይተከል።

ሁለተኛ፣ ችግኙን ከቅርንጫፍ ማግኘት ይቻላል። እርሳስ የሚያህል ውፍረትና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በከፊል የጠነከረ ቁራጭ በአሸዋማ አፈር ይተከል። ሥር የሌለው ቁራጭ የአየሩን ሳብ መቋቋም ስለማይችል ቅጠሉ ይቀነስ፤ ጥላ ሥር ሆኖም በላስቲክ ይሸፈን። በላስቲኩ ውስጥ አየሩ በውሃ ተን ስለሚጠግብ ጥማቱ ይቀንሳል። ሥር ለማውጣት ሳምንታት ይወስድበታል።

ሦስተኛ፣ የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ችግኙ በጣሳ ወይም በላስቲክ ካደገ ግንዱን ይዞ መንቀል ሳይሆን ጣሳውን ወይም ላስቲኩን መቅደድ ይገባል።

አራተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጥም አይደርስበት። ለዚህ ጊዜ ያልተለበጠ የሸክላ ገንቦ ከችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ መቅበር ጥሩ ዘዴ ነው። ገንቦው በውሃ ተሞልቶ አፉ ሲከደን፣ ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አፈሩ በደረቀ መጠን ይወጣል፤ አፈሩ ሲረጥብ መውጣቱ ይቀንሳል። ይህ ዘዴ ከ2,000 ዓመት በፊት በተጻፈ የቻይና የግብርና መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል።

አምስተኛ፣ ሥር ከያዘ በኋላ የሚጠጣው በጥልቀትና በርቀት ይሁን፤ ሰዓቱም ማለዳ ወይም ማታ። አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈን የፀሐይን ድርሻ ይቀንሳል። የአትክልት ማጠቢያ ውሃን መጠቀም ይቻላል፤ ሳሙና የበዛበትን ግን ማራቅ ይገባል፤ ጨው አፈር ውስጥ ይከማቻልና።

ስድስተኛ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠልና እሾህ ያበዛል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የበሰለ ብስባሽ ይበቃዋል፤ ለኖራማ አፈርም ይረዳል። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ መግረዝ የሚገባው አንድ የአበባ ወቅት ካለፈ በኋላ ነው።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

በመጨረሻም የተናገርነውን ሁሉ በእምነት ብቻ እንዳትቀበሉ አንድ ሙከራ እናቅርብ። ከአንድ እናት ተክል የተወሰዱ፣ ሥር የያዙና እኩል ያደጉ ስድስት ችግኞችን በእኩል ማሰሮ ትከሉ። ሦስቱን በየቀኑ አጠጡ፤ ሦስቱን ቅጠላቸው ለስለስ ማለት ሲጀምር ብቻ አጠጡ። የአፈሩን ገጽ በላስቲክ ሸፍናችሁ ማሰሮዎቹን ጠዋትና ማታ መዝኑ። አፈሩ ስለተሸፈነ የቀነሰው ክብደት በቅጠል በኩል የተነነው ውሃ ነው፤ አንድ ግራም ማለት አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ የወጡትን እሾሆችና የአበባ ዘንጎች ቁጠሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ሚዛን፣ እስክሪፕቶና ትዕግሥት ከበቂ በላይ ናቸው።

ስትመዝኑ ግን ተክሉንም ተመልከቱት። በድሬዳዋው ካብ ላይ የሚገኘው ቡገንቪሊያ አሁንም በየዓመቱ ያብባል። እናታችን በአሥረኛው ቀን ጀሪካኗን ይዛ ትወጣለች፤ ከማፍሰሷ በፊትም ጣቷን አፈር ውስጥ ከትታ ትፈትሻለች፣ ቅጠሉንም በመዳፏ ትዳስሳለች። አንዳንድ ጊዜ ሳታፈስ ትመለሳለች። «ገና ናት» ትላለች።